ከደጅ የቀሩት

ሰገነት እሑድ እሑድ የምታስቀድሰው መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ፊት ለፊቷ ነው፤ ነጠላቸውን በመስቀለኛ አጣፍተው የሚገቡትን አንድ በአንድ ታያለች፣ ቅዳሴውን ግን የምትሰማው ከስልኳ በላይቭ ነው። እንዲህ ከሆነ ቤቷም ሆና ልትሰማው ትችል ነበር። እልኸኛ ናትና አታደርገውም። «ውስጥ ባልገባም ደጁን የሚከለክለኝ የለም» ብላ በዚያ በስደት አገሯ በኮሎምበስ ብርድ በየሳምንቱ ማልዳ ትመጣለች።

ምክንያቱን የተዋሕዶ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከውጭ ሆና ትጸልያለች። ይህ ለብዙዎቹ በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። የሰገነት ግን ከዓመት በላይ ሆነው፤ ቆመ ስትል ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ወገቧን ሰቅዞ ይይዛታል።

በሙያዋ ነርስ ናትና የማህፀን እጢ ሳይሆን እንደማይቀር አልጠፋትም። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ዐይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ «የእናንተ አገር ሴቶች መቼም ጠንካሮች ናችሁ» አላትና የሕመም ማስታገሻ አዝዞ ሸኛት። ያመሰገናት መስሎት ነበር። ሰገነት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተናደደች ናት። ሐኪም ቤት ግን አልተመለሰችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በአንድ የካቲት እሑድ ማሞቂያውን ለቅቃ፣ ሞተሩን አጥፍታ ስታዳምጥ ቆይታ ቁልፉን ብታዞረው እንቢ አለ። ደግማ ብታዞረውም ያው ነው። ያን ጊዜ መስኮቷ ተንኳኳ።

ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ረጅም ወጣት ነው።

«ባትሪሽ ሞቷል መሰለኝ» አለ። «ጃምፐር ኬብል አለኝ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ላይቱ ሲደክም አየሁት። ሶሪ… አንቺን ሳይሆን ላይቱን ነው ያየሁት።»

ጆሮው ቀልቷል፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አልለየችም። ገመዱን እያያያዘ ስለ ራሱ አወራት። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ግዕዙ ስለማይገባው ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቃል። «ማሚ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መቆም አትችልም። ብቻህን አትሁን ትለኝና አብራኝ ትቀመጣለች። ስዊት ናት።»

ሰገነት ቀና ብላ ወደ መኪናው አየች። ከኋላ መቀመጫ ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ፊታቸው የነጣ ሴት በመስታወቱ በኩል ይመለከቷታል። ሁለቱ ሴቶች ለአፍታ ተያዩ። ለሁለቱም ወዲያው ገባቸው፤ ሁለቱም ዐይናቸውን ሰበሩ።

«አንቺስ?» አላት ልጁ። «አንቺም እንደኔ ሰነፍ ነሽ?»

«አዎ» አለች ሰገነት። «እንዳንተ ሰነፍ ነኝ።»

ፍቅራቸው በዚህች ውሸት ተጀመረ።

ስሙን ሲነግራት ሳቋ አመለጣት። ሰገነት የምትሠራው ዳውንታውን፣ በየአገሩ ያሉ ሴቶችን ጤና በሚያጠና ትልቅ የምርምር ቡድን ውስጥ ነው። የወር አበባቸውን፣ እርግዝናቸውን፣ ሕመማቸውን፣ ድካማቸውን ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ የአንዱን አገር ሴት ከሌላው ጋር ያነጻጽራሉ። የኮሎምበሱ ክፍል በከተማው የሚኖሩ ስደተኛ ሴቶችን ነው የሚያጠናው፤ ከእነዚህ የሐበሾቹ ጠያቂ እርሷ ናት። እርሷ የምትልከውን መልስ ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ፣ በኢሜይል ብቻ የምታውቀው ኢዛና የሚባል ሰው ነበር።

«አንተ ነህ? በኢሜይልህ እኮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነበር የምትመስለኝ።»

«አንቺ ደግሞ በኢሜይልሽ ሁልጊዜ ተናደሽ ነው።»

«በኢሜይል ብቻ መሰለህ?»

ከዚያ ወዲህ ኢዛና ከከተማው ወጣ ካለው ከሉዊስ ሴንተር እየነዳ ቢሮ መምጣት አበዛ። የሶማሌዎቹን ሴቶች የምትጠይቀው፣ አማርኛ የምትችለው ሀዋ አንድ ቀን ጮክ ብላ «ይሄ ልጅ ቤቱ ኢንተርኔት ተቆረጠበት እንዴ?» አለች። ኢዛና ሽሙጡ ሙሉ በሙሉ ባይገባውም በእርሱ እንደተሳቀ ገብቶት አንገቱን ደፋ። ሰገነት ያንን የተደፋ አንገት ማየት ለምን ደስ እንዳላት ለራሷም አልነገረችም።

ከሥራ በኋላ ሾርት ኖርዝ በሚባለው መንገድ በእግር ይንሸራሸራሉ። ኢዛና አንድ ጠባይ አለው። «እንዴት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ይቆማል፤ መልስ እስኪሰጡት ድረስ እርምጃ አይንቀሳቀስም። እናቱ ሰላምታ እንዲህ ነው ብለው ነው ያሳደጉት።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ ተመስገን።»

አንድ ምሽት ይህንኑ ብላው ገና ሦስት ሱቅ ሳያልፉ ሕመሙ አጎበጣት። ከአንድ የሥዕል ቤት መስታወት ላይ ተደግፋ ውስጡን የምታይ መሰለች። እርሱም አጠገቧ ቆሞ አየ። የተሰቀለው ሥዕል አረንጓዴ ላም ነው።

«ይሄን ያህል ወደድሽው?»

«በጣም» አለች ጥርሷን ነክሳ።

በሳምንቱ ያቺን ላም በፖስት ካርድ ታትማ አገኛትና አመጣላት። ሰገነት ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየች። ልትነግረው ነበር። ግን ይህን መንገር ሌላም መንገር ነው፤ ላልወልድልህ እችላለሁ ማለት ነው። እናቱ እትዬ ጽጌ ደግሞ ያላቸው እርሱ ብቻ ነው፤ ቤታቸው በሄደች ቁጥር የልጅ ልጃቸውን ስም ጭምር እንዳዘጋጁ በጨዋታ እያስመሰሉ ይነግሯታል። ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ነገሩንም ሆዷ ውስጥ።

በግንቦት እትዬ ጽጌ ራሳቸው ለጥናቱ ተጠየቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ማዶ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከሰገነት ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰገነት እንደ ደንቡ አነበበችላቸው።

«ባለፈው ዓመት ውስጥ የማህፀን ሕመም ወይም የበዛ የደም መፍሰስ ገጥሞዎታል?»

«ኧረ ተመስገን ልጄ! ምን ጎድሎብኝ።»

ከንፈራቸው ነጭ ነው። ጥፍራቸው ነጭ ነው። ከወንበሩ ሲነሱ ጠረጴዛውን የሚይዙት ጉልበታቸውን አሟቸው እንዳልሆነ ነርስ ሆና ማየት አይሳናትም። ግን የጠያቂ ሥራ የተባለውን መመዝገብ እንጂ የመሰላትን መጨመር አይደለም፤ ሲያሠለጥኗት ይህንን ነው ደጋግመው የነገሯት።

«እርግጠኛ ነዎት፣ እትዬ ጽጌ?»

ሴትዮዋ ረጋ ብለው አዩዋት። «አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«ተመስገን» አለች ሰገነት።

«እንግዲያው ሁለታችንም ደህና ነን።»

«የለም» ብላ መዘገበች።

በመስከረም ውጤቱ ተሰበሰበ። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሄለር ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ አበራችና ሁሉንም ሰበሰበች። ኢዛና ቆሞ ያስረዳል። በሥራው ሲኮራ ፊቱ ያምርበታል።

«እንደምታዩት» አለች ዶክተሯ «ከሁሉ ያነሰ ሕመም ያለው በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ነው። የሚደነቅ ጽናት ነው።» ስለዚህ፣ አለች፣ ለሚቀጥለው ዙር በነጻ የሚመረመሩትና ክትትል የሚደረግላቸው ሴቶች ከሌሎቹ ማኅበረሰቦች ይመረጣሉ። ለኢትዮጵያውያኑ አያስፈልግም። ሰንጠረዡ ዓርብ ይላካል።

«እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል» ይላል ተረቱ። ሰገነት ድሮም ለመናደድ ሰበብ አትፈልግም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«ውሸት ነው።»

ሁሉም ወደ እርሷ ዞሩ።

«መልሶቹን የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ» አለች ዶክተር ሄለር።

«ለዚያ ነዋ ውሸት መሆኑን የማውቀው! ‹ተመስገን› ያለችኝን ሁሉ ‹የለም› ብዬ መዝግቤያለሁ። እኛ አገር ሰው እያቃሰተም ቢሆን እንዴት ነህ ሲሉት ተመስገን ነው የሚለው። ሕመምን ለእንግዳ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፣ እግዜርን ማማረር ይመስለዋል። ይህንን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። ጽናት አትበሉት!»

«ማስረጃ አለሽ?»

ሰገነት ወደ ኢዛና ዞረች። አንድ ቃል እንዲላት ጠበቀች። እርሱ ግን ግራ ገብቶት ቀስ ብሎ «ሰገነት፣ እኔ ዳታው የሚለውን ነው ያሳየሁት» አለ።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ፓርኪንጉ ድረስ ተከትሏት ሮጠ። በሲሚንቶው ጣሪያ ሥር ድምፃቸው ያስተጋባል።

«ሰው ፊት እንደዚያ ትጮሂብኛለሽ? ምን አደረግሁ?»

«ምንም! ምንም አላደረግህም! የዓለምን ሴት ስትቆጥር ውለህ የገዛ እናትህን ሳትቆጥር ገባህ!»

«እናቴን ምን አመጣት? ማሚ ደህና ናት። በየቀኑ እጠይቃታለሁ።»

«ምን ትልሃለች?»

«ተመስገን ነዋ የምትለኝ…»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቆመ። ሰገነት አልራራችለትም።

«እሑድ እሑድ አብራህ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው ለምን ይመስልሃል?»

«ጉልበቷን… ደግሞ ብቻዬን እንዳልሆን…»

«ሴት ቅዳሴ እያለ ለምን ውጭ እንደምትቀር አታውቅም? ማንም አልነገረህም? እናትህ ባለፈው ፋሲካ የት ነበረች? በጥምቀትስ? ሂድና ጠይቃት። ‹እንዴት ነሽ› ብለህ ግን አትጠይቃት። ‹ቤተ ክርስቲያን ከገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው› በላት።»

ኢዛና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ መኪናው ሮጠ።

ሰገነት ከመኪናዋ መሪ ላይ ግንባሯን ደፍታ ቀረች። እትዬ ጽጌ ሲጠየቁ የሰማችውን አላወጣችም፤ እዚያ የሰማችው ተመስገን ብቻ ነበርና። የተናገረችው በዐይኗ ያየችውን ነው። ቢሆንም የአንዲትን ትልቅ ሴት ገመና ለወንድ ልጃቸው አውጥታለች፤ እሱን ሌላ ስም ልትሰጠው አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት ኢዛና ደወለ። ድምፁ የደከመ ነው።

«ማሚ ሆስፒታል ናት። ደሟ በጣም አልቋል። ጥቂት ብትቆዩ ልቧ ይቆም ነበር አሉኝ። አሁን ደም እየሰጧት ነው፣ ኦፕራሲዮንም ያስፈልጋታል።» ትንሽ ቆየና «ትጠራሻለች» አለ። «በጣም ተናዳለች።»

እትዬ ጽጌ ትራስ ተደግፈው፣ ክንዳቸው ላይ ቀዩ ቱቦ እንደተሰካ አገኘቻቸው። ኢዛና መስኮቱ ሥር ቆሟል።

«መጣሽ?» አሉ። «ልጄ ፊት አዋረድሽኝ! ወንድ ልጅ እናቱን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል? እኔን፣ ሱዳን በረሃ ላይ ተርቤ፣ ተጠምቼ ያላማረርኩትን ሴትዮ፣ ዛሬ ለልጅ መሳቂያ አደረግሽኝ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እትዬ።»

«ተረትሽን እዚያው!»

«እሺ ተረቱን ልተወው!» ሰገነትም ጮኸች። «እኔም ተናድጃለሁ! ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠንካራ ነሽ ብሎ በሸኘኝ ሐኪም ተናድጃለሁ። እየሞትን ጽናት በሚሉን ተናድጃለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ባሳደጉን ተናድጃለሁ። እዚያ አዳራሽ ጥፍርዎን አይቼ፣ አውቄ፣ ‹የለም› ብዬ በጻፍኩት እጄ ተናድጃለሁ! ልጅዎ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢጠይቅዎ ኖሮ ለቅሶ ላይ ቁጭ ብዬ ማንን ነበር የምናደደው?»

እትዬ ጽጌ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ቁጣቸው አልበረደም፤ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ።

«ጥሩ» አሉ። «የእኔን ነግረሽዋል። በይ እንግዲህ የራስሽንም ንገሪው።»

ኢዛና ከመስኮቱ ዞረ። «የራስሽን ምን?»

ሰገነት ወደ በሩ አየች።

«እዚያ መኪና ውስጥ የምትቀመጪው…» አለ ቀስ እያለ። «እንደኔ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም?»

መጥቶ ፊቷ ቆመ። እንደ ልማዱ።

«እንዴት ነሽ?»

ምላሷ ላይ የመጣው ያው የለመደችው ቃል ነበር። ዋጠችው። እርሱ አይንቀሳቀስም።

«ያመኛል» አለች። እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷም አናደዳት። «በጣም ያመኛል፣ ኢዛና። እኔም ደሜ ከዓመት በላይ አልቆመም። ያቺ ላም አስቀያሚ ናት! መስታወቱን የተደገፍኩት መቆም አቅቶኝ ነበር። ደግሞ ልጅ ላልወልድ እችላለሁ፤ አላውቅም፣ የሚመረምረኝ ሰው አላገኘሁም። ይኸው እናትህም ይስሙ።»

ኢዛና ሲቆጣ አይታው አታውቅም። አሁን አየችው።

«በየቀኑ ጠየቅሁሽ!» አለ። «በየቀኑ! ቆሜ! ሰንጠረዥህ ውሸት ነው ብለሽ ሰው ፊት ጮህሽብኝ፤ አንቺ ራስሽ እኮ ሰንጠረዡ ውስጥ ነሽ!»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰገነት በቃ ሄደ ብላ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ጽጌም በሩን በሩን ያያሉ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ።

«የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ ልይዝልሽ ነበር» አለ እንደተቆጣ። «አይቻልም አሉኝ፤ ራሷ ኮል ማድረግ አለባት አሉኝ። ይኸው ቁጥሩ። ኮል አድርጊ። አሁን። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ደወለች። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት «ሕመምሽ ምን ያህል ነው?» ስትላት ሰገነት ኢዛናን እያየች እውነቱን ተናገረች።

ዓርብ ሰንጠረዡ አልተላከም። ኢዛና ሁሉም በተሰበሰቡበት «ስህተት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው» ብሎ ሰረዘው፤ ሴቶቹም ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ እንደገና እንዲጠየቁ ጠየቀ። ዶክተር ሄለር ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሳይንስ ይሆናል ወይ ብላ ተከራከረች። ሀዋ ጣልቃ ገብታ «የእኛዎቹን ደግሞ ስለ ሶላት ጠይቋቸው፤ በደም ላይ ያለች አትሰግድም» አለቻት። ዶክተሯ ሳትወድ ተቀበለች።

ሰገነት ወደዚያው አዳራሽ፣ ወደነዚያው ሴቶች ተመለሰች። «ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» ስትላቸው ሴቶቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ያወራሉ። አንዷ የልጇን ክርስትና ከበር ሆና እንዳየች ነገረቻት። አንዷ አለቀሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች ወደ ምርመራው ተመለሱ። ሰዎች አሁን ደስ ይበልሽ ይሏታል። እርሷ ግን ብዙ በሰማች ቁጥር ንዴቷ ባሰበት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ሁሉ ሴት ማንም አልጠየቃትም ነበርና።

በኅዳር መጨረሻ እሑድ፣ እትዬ ጽጌ ኦፕራሲዮናቸው ድኖ፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከመኪናው ወረዱ። ፊታቸው ላይ ደም መጥቷል። ኢዛና እስከ በሩ ደግፎ አደረሳቸውና ተመልሶ ከሰገነት አጠገብ ገባ። የእርሷ ቀጠሮ ለሐሙስ ነው፤ ሐኪሟ እጢውን አውጥታ ማህፀኗን ለማትረፍ እንደምትሞክር እንጂ ሌላ ቃል አልሰጠቻትም።

«እንዴት ነሽ?»

«ዛሬ ወገቤን ያመኛል። ፈርቻለሁ። ደግሞ ተናድጃለሁ።»

«በማን?»

«በዚያ ሆስፒታል። አብሮሽ የሚመጣው ሰው ምንሽ ነው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እጮኛዬ ነው አልኳቸው።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ተናድጄ ስለነበር ሳላስበው ነው የወጣኝ።»

ኢዛና ወደ እርሷ ዞረ። ጆሮው እንደዚያን ቀን ቀልቷል። ጓንቷን አውልቆ እጇን ያዘ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ንዴቴ አልበረደም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እትዬ ጽጌ መድረኩን ተሳልመው ቀና አሉና ወደ እነርሱ ዞሩ። እጃቸውን ለአፋቸው ጋርደው ጠሩት።

«ኢዛና! ና ግባ እንጂ፤ ቅዳሴው ተጀምሯል!»

መስታወቱን አወረደ። «እሷ ስትገባ እገባለሁ፣ ማሚ!»

እትዬ ጽጌ ከበሩ ላይ ቆመው ሁለቱን አዩዋቸው። ሰገነት የልጅ ልጃቸውን ስም አስታወሰችና እጇን ከኢዛና እጅ ልታወጣ ቃጣች፤ እርሱ አልለቀቃትም። እናቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው ማሞቂያውን ክፈትላት!» ብለው ተቆጡትና ገቡ።